የግራ እግር ናሙና

ሃያ ስድስት ዓመት መጋዘን ጠብቄ፣
የሰው ስም ረስቼ የዕቃ ቁጥር አውቄ፣
ኮዳና ድንኳኑ፣ ብርድ ልብስ፣ አካፋ፣
ገብቶ ወጥቷል በእጄ አንድም ሳይጠፋ።
ጡረታ ስወጣ ምንም አልሸለሙኝ፤
አንዲት ጫማ ብቻ፣ ጥንድ የሌላት፣ ያዝሁኝ።
የግራ እግር ናት፣ ቁጥሯም አርባ አንድ፣
በአንገቷ ተቋጥሯል ማህተም ያለው ገመድ።

ጨረታው የወጣ ጋዜጣ ላይ ነበር፤
«ሃያ ሺህ ጥንድ ጫማ፣ ለቆላ፣ ለድንበር፣
ቆዳው የበሬ ሆኖ ሶሉ የተሰፋ፣
ኮረት ቢረግጡበት አፉ የማይሰፋ።»
ፖስታው ተከፈተ፤ ከአምስቱ ተጫራች
የአንደኛው ዋጋ ዋለ ከጥሬ ቆዳ ታች።
እኔ ቆዳ አውቃለሁ፣ የፋቂ ልጅ ነኝና፤
«ይህ ዋጋ ክር አይገዛም» አልሁኝ ቀስ አልሁና።
ሻለቃው መነጽሩን ከአፍንጫው አንስቶ፣
«ያሸነፈው ዝቅ ያለው» አለኝ መመሪያ አውጥቶ።
(ዝቅ ያለ ከፍ ይላል፣ ቄሱም ሼሁም ይሉታል፤
ስለ ጨረታ ግን እንደሆነ ማን ያውቃል?)

ናሙና አመጡልን፣ የግራ እግር ብቻ፤
እንዲያ ያለ ጫማ አይታ አታውቅም ኮምቦልቻ።
ባልዲ ውሃ ውስጥ ሌሊት አሳድሬያት፣
ጠዋት እጄን ባስገባ ደረቅ ሆና አገኘኋት።
«የቀኙስ?» አልኳቸው።
«ካሸነፍን» አሉኝ፤
አስረው፣ አሽገው፣ ለካዝናዬ ሰጡኝ።

በሰኔ ማለቂያ፣ በጀት ሊዘጋ ሲል፣
ዘጠኝ ተሳቢ መጣ በቦርከና በኩል።
ዝናብ ነው፤ ሸራው ያፈሳል፤ ወዛደር ይጮሃል፤
ካርቶኑ ሲወርድ የማስቲሽ ሽታ ይመጣል።
አንዱን ጥንድ አንስቼ በዚያው ባልዲ ነከርሁ፤
አዛን ሳይል ገና ሶሉን ተንሳፍፎ አገኘሁ፣
እንደ ሞተ የሐይቅ ዓሣ።

ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ሦስት ፊርማ ይሻል፤
ሁለቱ ፈርመዋል፤ የእኔ ቦታ ይነጣል።
«ነገ ሐምሌ አንድ ነው፤ ገንዘቡ ከተመለሰ
ወታደር በባዶ እግሩ…» አለና ቃሉን አልጨረሰ።
ልክ ነበር እኮ! እሱም ልክ ነበር።
ያ ነው የሚከብደኝ፤ ሌባ እንኳን አልነበር።
«እንደ ናሙናው ነው» ከሚለው መስመር ሥር
ፈረምሁ።
እስክሪቢቶው ደርቆ ሁለቴ አስጫርኩት፤
ሰበብ ሲሰጠኝ ነው፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ዓመትም ሳይሞላ፣ ሰኞ ገበያ ደሴ፣
ያንን ጫማ አየሁት በዓይኔ፣ እኔው በራሴ።
ጫማ ሰፊው ሙሄ ሽቦ ያጠልቅበታል፤
«የመንግሥት ዕቃ ነው፤ እንጀራ ይሰጠኛል፤
ይህን የገዛ ሰው ጀነት ይግባ!» ይላል።
እኔም «አሚን» አልኩት።

አሁን በመስከረም፣ ኑርልኝ፣ የጦይባ፣
በምርኩዝ ተደግፎ ከደጄ ሲገባ፣
የቀኝ ሱሪው ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ታስሯል።
«ጋሽ ይመኑ፣ የግራ ጫማ ይኖርዎታል?
ሱቁ ጥንድ ነው የሚሸጥ፤ በግማሽ ዋጋ ብል
እንቢ አሉኝ» አለና ሳቀ፤ የእውነት ሳቅ ይመስል።
አልጠየቅሁትም፣ ሶሉ ነው ወይስ ፈንጂ፤
እሱም አልነገረኝ፤ ግድግዳ ያያል እንጂ።

ሣጥኔን ከፍቼ ማህተሙን ቆረጥሁ።
(ማስረጃ ማጥፋት ነው፤ ያስጠይቃል፤ አውቃለሁ።)
ተንበርክኬ አጠለቅሁ፤ ማሰሪያውን አጠበቅሁ።
ሞዴል ሃያ ሁለት አልተቆረጠለትም፤
በሃያ ስድስት ዓመት ያለ ወረቀት የወጣ
እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ የለም።

«እንዴት ነው?» አልሁት።
እስከ በሩ ድረስ ሄደ፤ ዞረ፤ ተመለሰ፤
ወደ ታች እያየ ጥቂት ጊዜ ቆመ።
«ጥሩ ጫማ ነው» አለኝ። «ትንሽ ይጠበኛል።
አርባ ሁለት ነበርሁ።»